ዛሬ ኢንዶስኮፒ ተነሳሁ

ሲያቃጥለኝ፣ ሲነፋኝ፣ እንቅልፍ ሲነሳኝ የኖረው ጨጓራዬ ዛሬ በካሜራ ታየ። በባዶ ሆዴ ገባሁ። ጉሮሮዬን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ረጩልኝ፣ በግራ ጎኔ አስተኙኝ፣ ፕላስቲክ አስነከሱኝና ቀጭኑ ቱቦ ወረደ። ያቅለሸልሻል፣ እንባ በእንባ ያደርጋል፣ ግን ብዙም አያምም። ነርሷ ትከሻዬን ይዛ "አይዞሽ፣ በአፍንጫሽ ተንፍሺ" ስትለኝ ምን ያህል እንደረዳችኝ አልነግራችሁም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ጨጓራ የሚያቆስል ባክቴሪያ ካለ ለማየት ናሙናም ወስደዋል።

የሚያናድደኝ እስከዛሬ በደም ምርመራ ብቻ "ባክቴሪያ አለብሽ" እየተባልኩ መድኃኒት ሲደጋገምልኝ መኖሩ ነው። የደሙ ምርመራ የሚያየው ፀረ እንግዳ አካልን፣ ማለትም ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚያመርተውን ነው፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። አሁን መኖሩን የሚያሳዩት የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያውን ክፍል በሰገራ ውስጥ የሚፈልግ ምርመራ)፣ የትንፋሽ ምርመራና ከጨጓራ የሚወሰደው ናሙና ናቸው። እባካችሁ የታዘዘላችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የምትወስዱ ከሆነም ቀድማችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ብዙ ጊዜ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ያስቆማሉ፣ አንቲባዮቲክ ከሆነ ደግሞ 4 ሳምንት፣ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል።

ደም የሚያስመልሰው፣ ሰገራው የጠቆረ ወይም ያለምክንያት የከሳ ሰው ግን ቀን አይቁጠር፣ ዛሬውኑ ይታይ።

የእኔ የናሙና ውጤት ገና ነው። ሲደርስ እነግራችኋለሁ።