የኮቱ ገበር

የሚያዝያ ፀሐይ አናት ይበሳል። በምሳ ሰዓት የሥራ ኮቴን ይዤ ፒያሳ ወደሚሠሩ አንድ ልብስ ሰፊ አባት ጎራ አልኩ።

"አባባ፣ ቢሮ ውስጥ ሊቀቅለኝ ነው።"

ኮቱን ገለበጡት። ከገበሩ ጫፍ ክር መዘዙና ክብሪት ጫሩ። ክሩ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆነ።

"አየህ ልጄ፣ ፖሊስተር ነው። ፕላስቲክ በለው።"

ከራሳቸው ሸሚዝ ሌላ ክር መዘዙ። እሱ የተቃጠለ ወረቀት ሸተተና በጣታቸው መሃል አመድ ሆኖ በነነ። ጥጥ! ላብ የሚመጠው፣ አየር የሚያስገባው።

ልብስ ስንገዛ መስታወት ፊት እንቆማለን እንጂ ገልብጠን አናይም። ቀኑን ሙሉ የምንውለው ግን ከውስጡ ጋር ነው።

የጀርባውን ገበር ሊያወጡልኝ ተስማማን። "የእጅጌው ይቆይ፣ ሸሚዝህን እንዳይዝብህ" አሉኝ።