641ን ያገኘሁበት መንገድ

አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ "ቲቸር፣ 4,294,967,297 ፕራይም ነው?" አለኝ። ፕራይም ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ማለት ነው። ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ገብቶኛል። 32 ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ 4,294,967,296 ይሆናሉ፤ ኮምፒዩተር የሚነካካ ሰው ያውቀዋል። ልጁ አንድ ጨመረበት። "እስከ ሰኞ በእጄ ሠርቼ አመጣልሃለሁ" አልኩት። ጉራ ነበር።

አርብ ማታ በ3፣ በ7፣ በ11 እያልኩ ማካፈል ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ከሞላሁ በኋላ ነው ቆም ብዬ ያሰብኩት። ቁጥሩ አካፋይ ካለው ትንሹ ከስኩዌር ሩቱ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ከሚሰጠው) አይበልጥም፤ ስኩዌር ሩቱ ደግሞ ከ65,536 እምብዛም አይርቅም፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ 6,542 ፕራይሞች አሉ። በዚህ አያያዝ ሰኞ ቀርቶ ፋሲካም አይበቃኝ።

የሒሳብ ሊቁ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ቁጥር ፕራይም ነው ብሎ ያምን ነበር። አይፈረድበትም፤ የዚሁ ዘር የሆኑት (ከ2 ተነስተን እያንዳንዱን በራሱ እያባዛን፣ በሚወጣው ላይ አንድ ስንጨምር የምናገኛቸው) 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ሁሉም ፕራይም ናቸው። እምነቱን እ.ኤ.አ. በ1732 ያፈረሰው ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው። ኦይለር ባረጋገጠው ደንብ መሠረት፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ፕራይም ሁሉ በ64 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። እንግዲህ መሞከር ያለብኝ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያልኩ ነው። 3 እና 7 ላይ ያባከንኩት ወረቀት አናደደኝ።

የመጀመሪያዎቹ አራቱ 109፣ 2፣ 325 እና 288 ተረፋቸው። 641 ላይ ግን ምንም አልተረፈም! ድርሻው 670,417 ወጣ። ደስታዬ እስኪበርድ ይህንንም ፕራይም መሆኑን ልፈትሽ ገብቼ አንድ ሰዓት አቃጠልኩ። ኋላ መልሼ ባባዛው 429,737,297 ሆነ፤ አንድ አሃዝ ጎደለው። 4,489 ውስጥ 641 ሰባት ጊዜ ገብቶ 2 ይተርፋል፤ 6 ሲወርድ 26፣ 7 ሲወርድ 267፣ ሁለቱም ከ641 ያንሳሉ። ሁለት ዜሮ መጻፍ ሲገባኝ አንድ ነበር የጻፍኩት። የ4ኛ ክፍል ልጅ የምቆጣበት ስህተት! ትክክለኛው ድርሻ 6,700,417 ነው።

ረጅሙን ማካፈል ጨርሶ መተው እንደሚቻል የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። 4,294,967,296 ማለት 65,536 በራሱ ሲባዛ ነው፤ ስለዚህ ቀሪውን ብቻ በራሱ ማባዛት ይበቃል። 65,536ን ለ641 ስናካፍል 154 ይተርፋል። 154 በራሱ ሲባዛ 23,716፤ 641 በ37 ሲባዛ 23,717። አንድ ብቻ ጎደለ፣ ያቺን አንድ ደግሞ ልጁ ጨምሮልኛል። በቃ፣ ሦስት መስመር።

6,700,417 ራሱ ፕራይም መሆኑን ለማየት ሉካስ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ያገኘውን ጠበቅ ያለ ደንብ ተጠቀምኩ፤ በ64 ፋንታ 128። እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ቀሩኝ፤ አንዱም አላካፈለውም።

ሰኞ ሰሌዳው ላይ ሦስቱን መስመር ጻፍኩለት። ትንሽ አየና "የሚቀጥለውስ ቲቸር?" አለኝ። የሚቀጥለው ባለ 20 አሃዝ ነው፤ ትንሹ አካፋዩም 274,177። ለዚያኛው ቀን አልቆረጥኩለትም።