ቀዩ መስመር የት ገባ?

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ከሆንኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደርቃል። መዝገብ ላይ በእስክሪብቶ መጻፉ ሲሰለቸኝ፣ የወር መዋጮውን የምታሳይ አንዲት የዌብ ገጽ ሠራሁ። የከፈለ አረንጓዴ፣ አንድ ወር ያሳለፈ ቢጫ፣ ሦስት ወር የሞላው ቀይ። ስክሪን ላይ ስትታይ ታምራለች።

ለእሁዱ ስብሰባ ቅዳሜ ማታ ፕሪንት አደረግኩ። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ወጣ። ቀይ የለ፣ ቢጫ የለ። ሊያዩት ቤት የመጡት ዳኛችን መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡትና «እንግዲህ ሁሉም ከፍሏል ማለት ነው?» አሉኝ።

«የለም አባባ፣ ቀለሙ ነው እምቢ ያለው።»

የጠረጠርኩት ካርትሪጁን ነበር። አውጥቼ መለስኩ፤ የማጽጃውን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ አስኬድኩ። (እሱ ራሱ ቀለም ይበላል፤ በዚህ ዋጋ አንጀት ያቃጥላል።) ቆይቶ ነው ወረቀቱ አናት ላይ ያለውን የዕድሩን ማኅተም ልብ ያልኩት። ሰማያዊው ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ማኅተሙ ምስል ነው፤ የሠንጠረዡ ቀለም ግን ከጽሑፉ ጀርባ የተቀባ ባክግራውንድ ነው። ለካ ፕሪንተሩ ምንም አልሆነም። ብሮውዘሮች ቀለም ለመቆጠብ ሲሉ ባክግራውንድን ሳያማክሩን ይተዉታል።

ክሮም ላይ ኮንትሮልና ፒ ተጭኖ «ሞር ሴቲንግስ» ውስጥ «ባክግራውንድ ግራፊክስ» የምትል ሳጥን አለች። ፋየርፎክስ ላይ «ፕሪንት ባክግራውንድስ» ትባላለች። ምልክት አደረግኩባት። አሁንም ነጭ!

እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀሁ። ገጹን የሠራሁት በቡትስትራፕ 3፣ ማለትም የገጽ መልክ ተዘጋጅቶ በሚገኝበት ጥቅል ነው፤ ስንፍና ነው፣ አልክድም። እሱ ለፕሪንት ብቻ የሚሠራ የራሱ ሕግ አለው፦ ጽሑፉ ሁሉ ጥቁር፣ ባክግራውንዱ ሁሉ ባዶ፣ የሠንጠረዡ ሴል ነጭ። በዚያ ላይ «ኢምፖርታንት» የሚል ተለጥፎበታል፤ ያ ቃል ካለ የኔን ቀይ የሚሰማው የለም። እኔም በራሴ ስታይል (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ውስጥ «ሚዲያ ፕሪንት» የሚባለውን የፕሪንት ክፍል ከፍቼ፣ ቀለሙን ከነኢምፖርታንቱ ጻፍኩ። ረድፉን ቀባሁት፤ አልሠራም። ነጩ ሴል ከላይ ሸፍኖታል። ሴሉን ራሱን ስቀባው ቀዩ ብቅ አለ። እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ሊንኩን ለገንዘብ ያዣችን ላክሁላት። እሷ ጋ ደግሞ ነጭ ወጣ። ሳጥኗ ምልክት የላትም። ሰው ቤት ለቤት እየዞርኩ ምልክት ላደርግ ነው? መፍትሔው እዚያው ስታይል ውስጥ የሚጻፍ አንድ መስመር ሆነ፦ «ፕሪንት ከለር አድጀስት»ን «ኤግዛክት» ማለት። ቀለሙን እንዳለ ተወው እንደ ማለት ነው። ለቆዩት ክሮሞች ከፊቱ «ዌብኪት» የሚል ቅጥያ ያለውንም ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ ሳጥኗ ባዶ ብትሆንም ቀለሙ ይወጣል።

ስብሰባው ሊጀመር ሲል ለአባላቱ ለማደል ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጥኩ። ማሽኑ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት አመድማ ሆነው ወጡ፤ ከፋዩና ባለዕዳው አይለዩም። ይህን ማሰብ የነበረብኝ ከሁሉ በፊት ነበር። እዚያው ባንኮኒው ላይ ገጹን በስልኬ ከፍቼ «ያልከፈለ፣ 3 ወር» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። ፒዲኤፍ አድርጌ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ በቴሌግራም ላክሁለትና እንደገና አስወጣሁ። አሁን ቀለሙ ቢጠፋም ጽሑፉ ይናገራል።

ስብሰባው ላይ ወረቀቱ እየዞረ አንድ ጎረቤቴ ጋ ሲደርስ እጁን አወጣ።

«እኔ እኮ ማክሰኞ ከፍያለሁ፤ ይኸው ደረሰኙ።»

ደረሰኙን አየሁት። የራሴ ፊርማ ነው። ገጹ ላይ መመዝገቡን ረስቼዋለሁ።