ማውሱ ለጊዜው ይቆየኝ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝም ብሎ ደብሮኛል። የተፈጠረ ነገር የለም። ዝናቡ ይሆናል። ታናሼ ደወለና "ስሚ፣ ግራፊክስ ታብሌት ልግዛ ወይስ ደህና ማውስ ይበቃኛል?" አለኝ። ታብሌት የሚለው ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዘውን፣ በብዕር የሚሳልበትን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ዲዛይን ጀምሯል፣ ታውቃላችሁ። "ግዛ" አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዘጋሁ በኋላ ግን መልሴ አላረካኝም። በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር አይደለም። ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩና ልነግረው ይገባኝ የነበረውን ለራሴ ማውራት ጀመርኩ።

ከእጅ ልጀምር። ማውስ ሲያዝ መዳፍ ወደ ታች ይገለበጣል፤ ክንዳችን ውስጥ ያሉት ሁለት አጥንቶችም አንዱ በሌላው ላይ ይሻገራል። ለትንሽ ጊዜ ምንም አይደለም። ቀኑን ሙሉ የጫማና የቦርሳ ፎቶ ከጀርባው ካለው ምስል እየለየ ለሚውል ሰው ግን ማታ ላይ አንጓው ይጠዘጥዘዋል። ብዕር ሲያዝ እጅ በትንሿ ጣት በኩል በጎኑ ጋደም ይላል፣ ልክ ደብተር ላይ ስንጽፍ እንደሚሆነው። እኔ ታብሌት ከያዝኩ ወዲህ ማታ ማታ አንጓዬን ማሸት ትቻለሁ። መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። ብዕሩን ጨምድዶ ለሚይዝ ሰው ሕመሙ ወደ አውራ ጣት ይዛወራል። ላላ አድርጎ መያዝ ነው።

መልመዱ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ማውስ ከጠረጴዛው ቢነሳ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ያለበት ይቆያል፤ ሌላ ቦታ አስቀምጦ መቀጠል ይቻላል። ታብሌት ላይ እንደዚያ የለም። እያንዳንዱ ነጥብ የስክሪኑ አንድ ነጥብ ነው። የላይኛው ግራ ጥግ ከተነካ ቀስቱ እዚያው ጥግ ላይ ነው። ዓይን ስክሪኑ ላይ፣ እጅ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁለቱ እስኪግባቡ ድረስ ሰው ያብዳል። ብዙዎቹ ተስፋ ቆርጠው የሚሸጡትም በዚህ ሰሞን ነው። ደግሞ የታብሌቱ ወርድና ቁመት 16 ለ10፣ የስክሪኑ 16 ለ9 ከሆነ ክብ ሲሳል ጎኑ የሰፋ ሞላላ ይወጣል፣ ሰውየውም እጄ አይረባም ብሎ ያዝናል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ ሁለቱን ማመጣጠን ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ማውሱንም አትሽጥ ብዬ ልነግረው ይገባል። ኤክሴል በብዕር ስቃይ ነው። ደብል ክሊክ ራሱ ስቃይ ነው፣ ብዕሩ ሁለቴ እዚያው ነጥብ ላይ ማረፍ አለበትና። ረጅም ፋይል ወደ ታች ለማንሸራተትም የማውሷን ጎማ የሚያህል የለም። ለመሳል፣ ፎቶ ለማጽዳት፣ ለመጻፍ ከሆነ ግን ብዕሩ ጋር የሚወዳደር አላየሁም። ባትሪ እንኳ አይፈልግም። ከሰሌዳው ሥር የተዘረጉት ሽቦዎች መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራሉ፣ ብዕሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ኃይሉን ከዚያ ወስዶ መልስ ይሰጣል፣ ሰሌዳውም ብዕሩ የት እንዳለ በዚያ ያውቃል። ዋኮም የተባለው ታብሌት ሠሪ በዚህ ነው የታወቀው፤ አሁን ተፎካካሪዎቹ ሁዮንም ኤክስፒ ፔንም ባትሪ የሌለው ብዕር አላቸው፣ በዋጋም ይቀላሉ። ለጀማሪ ትንሹ ይበቃል።

የሚገርመኝ ማውስና ብዕር እኩያ መሆናቸው ነው። ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ ከእንጨት የተሠራውን የመጀመሪያውን ማውስ ያሠራው በፈረንጆቹ 1964 ነው። ራንድ የተባለው ድርጅትም በዚያው ዓመት በብዕር የሚጻፍበት ታብሌት አወጣ። ዋጋው 18,000 ዶላር ያህል ነበር። ያንን ማን ይገዛል? ዋጋው ሌላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም ኮምፒውተር ላይ በእጃችን እየጻፍን ይሆን ነበር ወይ እያልኩ አስባለሁ። ፊደላችንን በእጃችን እየጻፍን።

ይኸው፣ እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ ጥሎኝ የሄደው።

አሁን የያዝኩት ሥራ የቡና ከረጢት ነው። ደንበኛው ከረጢቱ ላይ የሚወጣው ስም "በእጅ የተጻፈ" እንዲሆን ይፈልጋል። በማውስ ቢሆን ነጥብ በነጥብ እያስቀመጥኩ እሠራዋለሁ፣ ያምራልም፣ ግን ተሠራ እንጂ አልተጻፈም። በብዕሩ ሞከርኩት። መጀመሪያ ስጫን እንዲወፍር፣ ሳላላ እንዲቀጥን አደረግኩት። ብዕሩ 8192 የግፊት ደረጃ ይለያል ይላሉ። የወጣው ግን የእኛ ፊደል አልመሰለኝም። ቆይቼ ነው ምክንያቱ የገባኝ፤ የብራና ጸሐፊ በሸምበቆ ብርዕ ሲጽፍ ውፍረቱ የሚመጣው ከመጫን ሳይሆን ከብርዑ አቆራረጥ ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፣ በአንድ በኩል ሲሄድ ይወፍራል፣ በሌላው ሲሄድ ይቀጥናል። ግፊቱን አጠፋሁትና ፎቶሾፕ ውስጥ ያለውን ብሩሽ ጠፍጣፋ አድርጌ አንዱ ማዕዘን ላይ አቆምኩት። ያኔ "ለ" እግሩን ተከለ። "በ" ትከሻው ቀና አለ። በጣም ደስ አለኝ፣ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስሙ ውስጥ ሁለት "መ" አለ። እኔ "መ" ስጽፍ ከግራው ክብ ጀምሬ ብዕሩን ሳላነሳ ወደ ቀኙ እሻገራለሁ፣ መሻገሪያው ላይ ደግሞ ትንሽ ስብራት አለች። ከትምህርት ቤት ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። አባባም እንዲሁ ነበር የሚጽፈው፤ የድሮ ደረሰኞቹ ላይ አይቼዋለሁ። ሁለቱ "መ"ዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፣ በእጅ ሲጻፍ መቼም አንድ ዓይነት አይሆንም። እኔም የወደድኩት ይህንኑ ነው።

ፎቶሾፕ ላይ ግን ስሙዚንግ የሚባል አለ፣ ከ0 እስከ 100። የእጅን መንቀጥቀጥ ያጠፋል። ከፍ ሳደርገው መስመሩ ቅቤ ሆነ። ስብራቷም አብራ ጠፋች። ማንም ሰው የጻፈው "መ" መሰለ፣ ያምራል፣ ንጹሕ ነው፣ የእኔም የአባባም ግን አይደለም። ዜሮ ላይ ስመልሰው ደግሞ ስብራቷ ተመለሰች፣ ከእሷ ጋር ግን መንቀጥቀጡም መጣ፣ ደንበኛው "ይሄ ነገር ያላለቀ ነው እንዴ?" እንደሚለኝ ይታየኛል። መካከል ላይ ሳደርገው ስብራቷ አለች ለማለትም የለችም ለማለትም ይከብዳል።

ቅቤ የሆነውንም ስብራቷ ያለችበትንም ለታናሼ አሳየሁት። ብዙ አየና "ሁለተኛው ያንቺ ነው፣ የሚያትሙት ግን የመጀመሪያውን ነው" አለኝ። እውነቱን ይመስለኛል። ግን ደንበኛው "በእጅ የተጻፈ" ሲል የማንን እጅ ነው የሚፈልገው? የማንም ያልሆነ እጅ ከሆነ በቁልፍ ሰሌዳ የሚተየብ ፎንት ሞልቶለት የለም እንዴ? ነገ ጠዋት ልኬ መጨረስ አለብኝ። ሁለቱም ፋይል ተከፍቶ ይኸው ፊቴ ተቀምጧል፣ የቱን ልላክ?