አራት ወር ከአንድ ኮሌታ ጋር

ነገሩ የጀመረው በ5 ዶላር ነው። ኒው ዮርክ ግዛት፣ አልባኒ ከተማ አጠገብ ካለ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የቆርቆሮ ፎቶ ገዛሁ። መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ጠርዟ የዛገ ቀጭን ብረት ናት። ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወንበር ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ ደብዝዟል። ኮሌታው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እስከ ትከሻው የተዘረጋ፣ እንደ ሸክላ ሰሃን ድርቅ ያለ ነጭ ኮሌታ። መጀመሪያ ሳቅሁ። "ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ የቀጡት?" አልኩ። ቀጥሎ "ይሄን መስፋት እችል ይሆን?" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ይኸው አራት ወር ሆነኝ።

ለማታውቁኝ፣ ስፌት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። መጋረጃ፣ የትራስ ልብስና ቀሚስ እሰፋለሁ። ከኮሌታ ግን ስሸሽ ነው የኖርኩት። ቀሚሶቼ ሁሉ አንገታቸው ክብ የሆነው ለውበት እንዳይመስላችሁ።

የመጀመሪያውን ወር መርፌ አልነካሁም። ልጄን ካስተኛሁ በኋላ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ያስቀመጧቸውን የድሮ ፎቶዎችና ሥዕሎች ሳይ አመሽ ነበር። ዓይን ሲለምድ ኮሌታ እንደ ቀን መቁጠሪያ ይነበባል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።) ከ1800 እስከ 1830 አካባቢ የደህና ቤት ልጅ ሱሪውን ከአጭር ኮቱ ጋር በቁልፍ ያያይዛል፤ ከላይ ሰፊ፣ ክፍት፣ ዳሩ የተሸበሸበ ኮሌታ ይወጣል። በ1860ዎቹ ፎቶዎች ላይ ደግሞ ትንንሽ የታጠፉ ኮሌታዎች ከሥራቸው ሪባን ታስሮባቸው አያለሁ። ከዚያ በኋላ ኮሌታው እንደገና ሰፊ ይሆናል። የእኔ ፎቶ ላይ ያለው ልጅ ያደረገው የኢተን ኮሌታ ይባላል። ስሙ ከእንግሊዙ የኢተን ትምህርት ቤት የመጣ ነው። የአሜሪካ እናቶች ትምህርት ቤቱን ትተው ኮሌታውን ብቻ ወሰዱ።

የመርከበኛ ኮሌታም አለ፤ ጀርባ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚወርደው። በ1846 የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ በልጅነቱ የመርከበኛ ልብስ ለብሶ ተሳለ፤ ፋሽኑ ቀስ እያለ ውቅያኖስ ተሻገረ። የዳንቴል ኮሌታም አለ፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ተሸውጃለሁ። አንደኛው፣ ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ኮት ቁልፉ በሴት በኩል ነው። "የእህቱን አልብሰውት ይሆን?" ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ አሰብኩ። ለካ የቆርቆሮ ፎቶ እንደ መስታወት ነው፤ ቀኙን ግራ አድርጎ ያሳያል። ሁለተኛው፣ ቀሚስ የለበሱ ሕፃናትን ሁሉ "ሴት" ብዬ መደብኩ። በዚያ ዘመን ግን ወንዶች ልጆችም እስከ አራት፣ አምስት ዓመታቸው ቀሚስ ይለብሱ ነበር። አሁን የማየው የፀጉራቸውን ክፍፍል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመሃል ከተከፈለ ሴት፣ ከጎን ከተከፈለ ወንድ።

ሁለተኛው ወር የወረቀት ነበር። የገበያ ከረጢት ቀድጄ ኮሌታ ሳልኩ፣ ቆረጥኩ፣ በልጄ አንገት ለካሁ፣ ጣልኩ። አሥራ አንድ ወረቀት ፈጀሁ። የገባኝ ነገር ግን ወረቀቱን ያወጣል። አንገት ላይ የሚሰፋው መስመር ቀጥ ባለ ቁጥር ኮሌታው ይቆማል፤ በጎበጠ ቁጥር ትከሻ ላይ ይተኛል። የኢተን ኮሌታ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ትንሽ ቆሞ ከዚያ ይተኛል። ስለዚህ ከሥሩ ለብቻው የተቆረጠ ማቆሚያ አለው። ይሄ እስኪገባኝ ነው አሥራ አንዱ ያለቀው።

የዘመኑ እናቶች ከእኔ ይሻላሉ። በ1863 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኤቤኔዘር በተሪክ የሚባል ልብስ ሰፊ በተለያየ ልክ የተዘጋጀ የወረቀት ፓተርን (የልብስ መቁረጫ ንድፍ) መሸጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ላይ የወንዶችና የወንድ ልጆች ልብስ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረችው እናት እንደ እኔ በግምት ትቆርጥ ነበር ማለት ነው። ደግሞ ወረቀቱን በጨርቅ መቀየር ባልፈልግም ዘመኑ ይፈቅድልኝ ነበር። ዋልተር ሀንት በ1854 የወረቀት ኮሌታ ፓተንት አውጥቷል። ይሄ ሰውዬ መርፌ ቁልፍንም የፈለሰፈ ነው። ኮሌታው ሲቆሽሽ ይጣላል፣ አለቀ። ቆየት ብሎ የሴሉሎይድ (የድሮ ፕላስቲክ) ኮሌታ መጣ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ግን እሳት ካገኘው ይነዳል። ልጅ አንገት ላይ! እኔ አላደርገውም።

ሦስተኛው ወር ጨርቅ። የተልባ እግር ጨርቅ ውድ ስለሆነ በነጭ ጥጥ ጀመርኩ። ላዩንና ታቹን እኩል ቆርጬ፣ ገጽ ለገጽ ሰፍቼ፣ ገልብጬ ተኮስኩት። ጫፎቹ ሽቅብ ተጠቀለሉ። ልጄ አይቶ "የኤሊ እግር ይመስላል" አለኝ። እንደገና ሰፋሁ፣ እንደገና ኤሊ። ሦስተኛው ላይ አንድ የቀድሞ ልብስ ሰፊ የሆኑ ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ በእጃቸው አገላብጠው አዩትና "የታችኛውን በሦስት ሚሊ ቀንሺው" አሉኝ። በቃ። ኮሌታ ሲታጠፍ የላይኛው ጨርቅ ዞሮ የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል። እኩል ከቆረጥሽው ታችኛው ይተርፍና ላይኛውን ይገፋል። ጫፉ ላይ ደግሞ መርፌዋን ቀጥታ አታዙሩ፤ አንድ ስፌት በሰያፍ ሂዱና ከዚያ ዙሩ። ስትገለብጡት ጥግ ላይ ጨርቅ አይታጨቅም። የስፌት ትርፉንም ከርክሙት። ጫፉን በመርፌ ጎትቼ ሳወጣ አንዱን ኮሌታ ስለተለተልኩት ነው የምነግራችሁ።

አራተኛው ወር ጨርቅ የሚያጠነክረው ስታርች ነው፤ ከሁሉም የባሰው። የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ እሳት ላይ ጣድኩ። እንደ አጥሚት ማማሰል እንዳለብኝ እያወቅሁ ስልክ አንስቼ ጓጎለብኝ። ሁለተኛው ዙር ጠራልኝ፤ ነክሬ ጨምቄ ሳይደርቅ ተኮስኩት። ካውያው ተጣበቀ፣ ጨርቁ ቢጫ አወጣ። የድሮ ሴቶች ስታርቹ ውስጥ ትንሽ ሰም ወይም ቦራክስ ይጨምሩ እንደነበር በኋላ አነበብኩ። የሻማ ቁራጭ አቅልጬ ጨመርኩ። ካውያው ሸርተት አለ፤ ኮሌታውም ማብረቅ ጀመረ። ኩሽና ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ።

እዚህ ላይ ነው ኮሌታ ለምን ከሸሚዙ እንደሚለይ በእጄ የገባኝ። አንድ ኮሌታ ለማጠብ፣ ለማጠንከርና ለመተኮስ ግማሽ ቅዳሜዬ ሄደ። ሸሚዙን ሁሉ በየቀኑ እንዲህ ማድረግ የማይታሰብ ነው። ከእኛ በመኪና ሩቅ ያልሆነችው ትሮይ ከተማ ያደገችው በዚህ ነው። በ1827 ሐና ሎርድ ሞንታግ የምትባል የትሮይ ሴት ሸሚዝ ማጠብ ቢሰለቻት የባሏን ኮሌታ ቆርጣ አወጣች፤ ለብቻው አጥባ መልሳ ሰፋችው ይባላል። ከዚያ ፋብሪካው መጣ፤ ከተማዋም "የኮሌታ ከተማ" ተባለች።

ያንን ሁሉ ኮሌታ የሚያጥቡትና የሚተኩሱት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች። በሞቃት ክፍል ውስጥ በቀን 12 እና 14 ሰዓት ቆመው በሳምንት ሦስትና አራት ዶላር ያገኙ ነበር። በ1864 ኬት ሙላኒ የምትባል ወጣት አሰባስባቸው ማኅበር መሠረቱ። ወደ 300 የሚጠጉ ሥራ አቆሙ። ሳምንት ሳይሞላ 25 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ አገኙ። ባለፈው ቅዳሜ ትሮይ ሄጄ የሙላኒን ቤት ከውጭ አየሁት። ሦስት ፎቅ የቀይ ጡብ ቤት ነው። በካውያ የተቃጠለ አውራ ጣቴን ይዤ ነበር የቆምኩት።

ውጤቱን ልጄ ላይ ሞከርነው። ኋላውን በአንድ ቁልፍ፣ ፊቱን በሌላ አያያዝኩለት። ፎቶው ላይ ያለውን ልጅ መሰለኝ፤ አገጩ ራሱ ከፍ አለ። ዝቅ ማድረግ ስለማይቻል ነው። "እማዬ፣ አንገቴን እየበላኝ ነው" አለ። ሰዓት ይዤ ነበር፤ አራት ደቂቃ። የቁልፉ ቀዳዳ አሁንም ያሳፍረኛል፤ ክብ መሆን ሲገባው እንቁላል ሆኗል።

ቀጣዩ ዳንቴሉ ነው። በ1886 የፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት "ትንሹ ሎርድ ፎንትለሮይ" መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ የአሜሪካ እናቶች አበዱ። እንደ መጽሐፉ ልጅ፣ የከፋይ ኮትና ትከሻ የሚሸፍን የዳንቴል ኮሌታ ወንድ ልጆቻቸው ላይ ጫኑ። ልጆቹ እንዴት እንደጠሉት መገመት አያቅተኝም። ስታርቹ ይቀርልኛል፤ ዳንቴሉን ግን ከየት ላምጣ? እናቴ በእጇ የሠራችው የሶፋ ልብስ ልኩ ልክክ ይላል። በስልክ ነገርኳት።

"ሞክሪና እዪ!" አለችኝ።