የትንፋሹ ጭራ

የሬፈር ወረቀቱ ላይ የሠፈረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «የትንፋሽ ማጠር፤ ከውፍረት ጋር የተያያዘ። ለማረጋገጥ ስፓይሮሜትሪ ይሠራለት።» ስፓይሮሜትሪ ሰው የሚነፋውን አየር መጠንና ፍጥነት የሚለካ የሳንባ ምርመራ ነው፤ የእኔ ሥራም እሱን መሥራት ነው። «ለማረጋገጥ» የምትለዋን ቃል ያን ዕለት ልብ አላልኳትም ነበር። አሁን ግን እንዲህ ተጽፎ የሚመጣ ወረቀት ባየሁ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ ነው የማነበው፤ ምርመራ የሚታዘዘው ለማወቅ እንጂ አስቀድሞ የተወሰነውን ለማጽደቅ አይደለምና።

ታካሚው 47 ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ 172 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 107 ኪሎ ግራም፣ ስለዚህም ቢኤምአዩ (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚለካበት ቁጥር) 36። ሲጋራ ወደ አፉ አስጠግቶ አያውቅም። ዕድሜውን፣ ቁመቱንና ክብደቱን በመሣሪያው ላይ ሞላሁ። በነገራችን ላይ መሣሪያው ክብደትን ይጠይቅ እንጂ «ከእንዲህ ዓይነት ሰው ይህን ያህል ትንፋሽ ይጠበቃል» ብሎ ሲያሰላ ክብደትን አያስገባም፤ ስሌቱ የሚመሠረተው በዕድሜ፣ በቁመትና በጾታ ላይ ነው። ከእኛ ይልቅ መሣሪያው ለሰው ውፍረት ግድ የለውም ማለት ነው።

ቀበቶውን አላልቶ፣ አፍንጫው በመቆንጠጫ ተይዞ ሁለት ጊዜ ነፋ። ሁለቱንም ጊዜ ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ሳል አቋረጠው። በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣው አየር 2.2 ሊትር፣ በጠቅላላ የወጣው 2.9 ሊትር፣ የሁለቱ ጥምርታ 0.76 ሆኖ ተመዘገበ። ሁለቱም ቁጥሮች ከሚጠበቀው ዝቅ ብለው ጥምርታቸው ግን ደህና መሆኑ ከወረቀቱ ጋር ልክክ አለ። በደረትና በሆድ ላይ የተከማቸ ስብ ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ከሥር እየገፋ ሳንባ እንደ ልቡ እንዳይሰፋ ያደርጋል፤ አየሩ በአጠቃላይ ያንሳል እንጂ የመውጫው ቧንቧ አይጠብም፣ ስለዚህም ጥምርታው ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ቁጥሩም ከተባለው ጋር ተስማምቷል። የአስተያየት ቦታው ላይ፣ በዚህ ሥራ የቆየን ሁሉ እጃችን የለመደውን ሐረግ ጻፍኩ፦ «በቂ ጥረት የለም።» ታካሚው እንደሚገባው አልነፋም ማለት ነው።

ስክሪኑ ወደ እሱም ይታይ እንደነበር አላስተዋልኩም።

«ሲስተር፣ ያ የጻፉት ምን ማለት ነው?» አለኝ፤ በሙያዬ ሲስተር አይደለሁም፣ እርማቱን ግን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

«ምንም አይደለም፣ የእኛ የሥራ ቋንቋ ነው።»

«ቋንቋው አይደለም የከበደኝ፤ ነገሩ ነው» አለና ትንፋሹን ለመሰብሰብ ትንሽ ቆየ። «እኔ ከውፍረቴ ጋር ከልጅነቴ ጀምሮ እንተዋወቃለን። ደረጃ ስወጣ የሚያደክመኝ እሱ ነው፤ ጫማዬን ሳስር ዓይኔን የሚያጨልመውም እሱ ነው፤ አልክድም። ይህኛው ግን ሌላ ነው። አየሩ ለመግባት አላስቸገረኝም፤ ለመውጣት ነው እምቢ የሚለኝ። እርስዎ ደግሞ ገና እየወጣልኝ ሳለ ‹በቃ› አሉኝ።»

ብዬዋለሁ። ሳሉ ሲጀምረው «በቃ፣ በቃ» ብዬ የማፍያውን ቱቦ ከአፉ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሙያው የሚያዝዘው ምን እንደሆነም ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ሰው የሚነፋው ግራፉ ተንጋሎ አልንቀሳቀስ እስኪል ወይም እስከ 15 ሰከንድ ድረስ ነው፣ ተቀባይነት ያላቸው ሦስት ሙከራዎች ያስፈልጋሉ፣ የተሻሉት ሁለቱም በ150 ሚሊ ሊትር ውስጥ መቀራረብ አለባቸው። ይህን ለሠልጣኞች የማስተምረው እኔው ነኝ። ትንፋሽ በአጭሩ ሲቆረጥ ደግሞ የሚጠፋው የጠበበ ቧንቧ ብቻ የሚያሳየው ጭራ፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ቀስ እያለ የሚወጣው አየር ነው፤ ጠቅላላው አየር ያነሰ ይመስላል፣ ጥምርታው በሐሰት ከፍ ይላል፣ የታመመ ቧንቧም የውፍረት መልክ ይይዛል። በስንፍናዬ የሐኪሙን ግምት በቁጥር አስጌጬ ልመልስለት ነበር። ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ሲዞር ፊቴ መቅላቱን ሰውየው ሳያይ አልቀረም፤ ምንም ግን አላለም፤ ቱቦውን ብቻ እጁን ዘርግቶ ጠየቀኝ።

ውኃ ጠጥቶ፣ አርፎ እንደገና ነፋ። በዚህኛው ዙር «ይንፉ፣ ይንፉ፣ አሁንም ይንፉ» እያልኩ እኔው ትንፋሽ አጠረኝ። ግራፉ መጀመሪያ ሽቅብ ተወርውሮ፣ ከዚያ እንደ ማንኪያ ጎድጉዶ፣ ከዚያም መሬት ለመንካት እንደፈራ ሰው ቀስ እያለ እስከ 13ኛው ሰከንድ ተጎተተ። የመጀመሪያዋ ሰከንድ አልተለወጠችም፣ 2.2 ሊትር ናት፤ ጠቅላላው ግን 3.7 ሊትር ደረሰ። ሁለት ጊዜ ደገምነው፤ ያው ነው። የጠበበ ቧንቧ የሚከፍተውን መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል፣ ሰጥቼው 15 ደቂቃ መጠበቅ ጀመርን።

አየር እንዲነፍስበት መስኮቱን ከፈትኩለት፤ ወዲያው ደግሞ ዘጋሁት፤ ከሥር የቆመ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ሰው እየጠበቀ ነበር። የሳንባ መመርመሪያ ክፍሉን መስኮት መኪና ማቆሚያው ላይ እንዲከፈት የወሰነውን ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ታካሚው ሳቀ። ሥራው ጣሪያ ባለው የአውቶቡስ ማደሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ጥበቃ ነው፤ 11 ዓመት ሆኖታል። ጎህ ሲቀድ ሾፌሮቹ የናፍጣ ሞተሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስነስተው ያሞቃሉ፤ ያን ጊዜ እሱ በሩ ላይ ቆሞ መዝገብ ይሞላል። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ዘረጋልኝ፤ አፍንጫው የተጠረገበት እጥፋት እንደ ጥላሸት ጠቁሯል።

መሐረቡ ላይ የታየው አፍንጫ የያዘው ነው። ጉዳት የሚያደርሰው በዋናነት አፍንጫ ያልያዘው፣ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውና ከአንድ የፀጉር ዘለላ ከሃያ እጅ በላይ የሚቀጥነው ብናኝ ነው። እስከ አየር ከረጢቶቹ ድረስ ይወርዳል፣ ቧንቧዎቹን ያስቆጣል፣ ቁጣው ዓመታት ሲደጋገም ቧንቧው ይጠባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የዚህን ብናኝ ዓመታዊ አማካይ ገደብ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ወደ 5 ማይክሮ ግራም ያወረደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የናፍጣ ጭስም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ ተመድቧል። ውፍረቱ ደግሞ ከጨዋታው ውጭ አይደለም። ከባድ ሰውነት ተቀምጦም ቢሆን በደቂቃ የሚምገው አየር ይበዛል፣ ከአየሩ ጋር የሚገባው ብናኝም እንደዚያው፤ የስብ ክምችቱ ራሱ ቁጣን የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል፤ ድያፍራሙ ሲገፋም በሳንባው ሥር ያሉ ትናንሽ ቧንቧዎች ቶሎ ይዘጋሉ። ስለዚህ «ውፍረት ነው ወይስ ጭስ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎዶሎ ነው።

ከመድኃኒቱ በኋላ 2.3 በ3.8፤ ጥምርታው 0.61። ከ0.70 በታች ነው፣ ይህም የቧንቧ መጥበብ ምልክት ነው፤ በመድኃኒትም እምብዛም አልተከፈተም። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ።

«ወፍራም ነው እኮ!» አለኝ።

«ነው ዶክተር። ውፍረት ግን ጥምርታውን 0.61 አያደርሰውም።»

«መሣሪያው ካሊብሬት ተደርጓል? ልክነቱ ተፈትሿል?»

በየጠዋቱ በሦስት ሊትሩ ሲሪንጅ አደርገዋለሁ፤ የዚያን ዕለቱም ንባብ 2.98 ነበር። ወረቀቱን አያይዤ ላክሁለት። ሰውየው ወደ ሳንባ ስፔሻሊስት የተላከበትን ደብዳቤ በኋላ አየሁት፤ በሐኪሙ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ «አስቀድሞ እንደተጠረጠረው የአየር ቧንቧ መጥበብ ተገኝቷል» ይላል። ማን እንደጠረጠረ አይገልጽም። እኔም የመጀመሪያውን አስተያየቴን ማንም ሳያየው ስለሰረዝኩት ብዙ የምናገርበት አፍ የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ወፍራም ሰው በመጣ ቁጥር የተደበቀ ቧንቧ ፍለጋ እገባለሁ። በሳምንቱ አንዲት በዕድሜ የገፉ፣ ቢኤምአያቸው ከ40 ያለፈ እናት መጡ፤ በጀርባቸው ሲተኙ ትንፋሻቸው ይቆረጣል። ጭራውን ፍለጋ ስምንት ጊዜ አስነፋኋቸው፤ ከዚያ በላይ አይመከርም እንጂ ዘጠነኛም አይቀርም ነበር። ግራፉ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ጥምርታው 0.82፣ ጭራ የሚባል የለም። በቀስታ ሲያስወጡ ግን ከተራ ትንፋሽ በኋላ ተገፍቶ ሊወጣ የሚችለው ትርፍ አየር ከምንም የማይቆጠር ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ውፍረት ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው ክፍል ነው። የእሳቸው ወረቀትም «ከውፍረት ጋር የተያያዘ» ነበር የሚለው፤ ያው ሐኪም ነው የጻፈው።

«ልጄ» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ጨርሰሻል ወይስ ሳንባዬን እዚሁ ልታስቀሪው ነው?»

አስተያየቱ ላይ «በቂ ጥረት ተደርጓል» ብዬ ጻፍኩ፤ የማን ጥረት እንደሆነ ግን አልገለጽኩም።