ሃርድ ዲስክ የማያውቅ ኮምፒውተር ላይ ሃርድ ዲስክ መግጠም

አይቢኤም ፒሲ 5150 እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ሲወጣ ሃርድ ዲስክ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሰው ከፍሎፒ፣ ከሚገባና ከሚወጣ ስስ ዲስክ፣ ያስነሳዋል። ፍሎፒ መግዣ ላጠረው ደግሞ ከጀርባው የካሴት ቴፕ መሰኪያ ነበረለት። ሃርድ ዲስክ ከፋብሪካ ይዞ የወጣው ቀጥሎ የመጣው ኤክስቲ ነው። እሱም በ1983፣ ያውም 10 ሜጋባይት።

እኔ እጅ የገባው የመጀመሪያው፣ 5150ው ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ጡረታ የወጡ አንድ መሐንዲስ ጋራዣቸውን ሲያጸዱ በርካሽ ሰጡኝ። ሁለት ፍሎፒ አለው፣ ኪቦርዱ ሲነካ ጎረቤት ይሰማል፣ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። ይሠራል። ግን የዶሱንና (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ነው) የፕሮግራሙን ፍሎፒ ሲለዋውጡ መዋል ያሰለቻል። ሃርድ ዲስክ ልገጥምለት ተነሳሁ።

ዲስኩ ሲጌት ኤስቲ-225 ነው፣ በ80ዎቹ ብዙ ፒሲ ውስጥ የገባው። 615 ሲሊንደር (ሄዶቹ የሚቆሙበት ቦታ)፣ 4 ሄድ (የሚያነበውና የሚጽፈው ጫፍ)፣ በትራክ (ከሄዱ ሥር የሚዞረው ክብ መስመር) 17 ሴክተር (የትራኩ ቁራጭ)፣ በሴክተር 512 ባይት። አባዙት፣ 21 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ባይት ገደማ ይመጣል። ሰው ግን 20 ሜጋ ነው የሚለው። ልጄ ይህን ስትሰማ «አባዬ፣ አምስት ፎቶ ማለት ነው?» አለችኝ። የስልኳን ፎቶ መጠን ካየን ልክ ናት።

እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዲስኩን ነው። አርባ ዓመት ቆይቷል፣ ምን ይፈረድበታል ይባላል። የኔ ዲስክ ግን ጤነኛ ነበር። ጣጣው በሙሉ ዙሪያው ነው የነበረው።

መጀመሪያ ያየሁት ባዮሱ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ቺፕ ውስጥ ያለው ማስነሻ ፕሮግራም፣ መቼ እንደተጻፈ ነው። ዶስን ከፍሎፒ አስነስታችሁ ዲበግ የሚባለውን ፕሮግራም ትከፍታላችሁ። ከዚያ ዲ ብላችሁ ኤፍ000:ኤፍኤፍኤፍ5 የሚለውን አድራሻ ትጽፋላችሁ። በስተቀኝ በኩል ቀኑ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የኔው 10/19/81 አለ። ለ5150 የወጡት ባዮሶች ሦስት ናቸው፤ ለሃርድ ዲስክ የሚሆነው የመጨረሻው፣ 10/27/82 የሚለው ብቻ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሃርድ ዲስክ ካርድ የራሱን ፕሮግራም በቺፕ ላይ ይዞ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ካርዶቹን መፈተሽ፣ ፕሮግራም ያለውን ማግኘትና ተራውን መስጠት አለበት። የድሮው ባዮስ ይህን ፍተሻ አያደርግም። ካርዱ ቢሰካም ባይሰካም ለእሱ አንድ ነው። ስህተት እንኳ አይጽፍም፤ ዝም ብሎ ወደ ፍሎፒው ይሄዳል። ቀኑን ሳያይ ካርድ የሚገዛ ሰው ካርዱ ሞቷል ብሎ ይጥለዋል። ከሞቱት ይልቅ በዚህ ሰበብ የተጣሉት ሳይበዙ አይቀሩም።

የባዮሱ ቺፕ ማዘርቦርዱ ላይ ዩ33 የሚል ሶኬት ላይ ነው ያለው፣ ባለ 24 እግር። በቀላሉ የሚገኘው 2764 የሚባለው ቺፕ 28 እግር ስላለው አስማሚ ይፈልጋል። የሞቶሮላው 68766 ግን ቀጥታ ይገባል። እሱን ፈልጌ፣ የቺፕ መጻፊያ ማሽን ካለው ጓደኛዬ ዘንድ አዲሱን ባዮስ አስጻፍኩበት። ምራቂም አለው፦ የድሮው ባዮስ ከ544 ኪሎባይት በላይ ሜሞሪ አያይም፣ አዲሱ 640 ድረስ ያያል።

ቀጥሎ ኃይል። የ5150 ፓወር ሰፕላይ 63.5 ዋት ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ 12 ቮልቱ ላይ የሚሰጠው 2 አምፒር ነው። ዲስኩ ከቆመበት ሲነሳ ብቻውን ያንን ያህል ሊጠጣ ይችላል፤ ፍሎፒው ደግሞ አለ። የኤክስቲውን ባለ 130 ዋት ቀየርኩለት። ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰኩት ሁለት መሰኪያዎች፣ ፒ8 እና ፒ9፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሃል ላይ መገናኘት አለባቸው። ጥቁር ከጥቁር። ከተገላበጠ ማዘርቦርዱን ተሰናበቱት።

ከመሰካቴ በፊት በመልቲሜትር 12 ቮልቱን ከመሬት ጋር ለካሁት። የዚያ ዘመን አይቢኤሞች ታንታለም ካፓሲተሮቻቸው (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች ናቸው) ከዕድሜ ብዛት ሾርት ይሆናሉ፣ ኃይሉን በቀጥታ ወደ መሬት ያሳልፋሉ፤ ያኔ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ይዘጋና ሰው እሱን ይወቅሳል። የኔ ላይ አንዱ ሄዶ ነበር። ነቅዬ ከፍ ያለ ቮልት የሚችል በየድኩበት።

የሃርድ ዲስኩ ካርድ ዌስተርን ዲጂታል ደብሊውዲ1002ኤ-ደብሊውኤክስ1 ይባላል። ከዲስኩ ጋር በሁለት ኬብል ይገናኛል፦ ባለ 34 እና ባለ 20። እዚህ ጋ ረጋ በሉ። የፍሎፒውም ኬብል ባለ 34 ነው፣ መልኩም ያው ነው። ሁለቱም ላይ ጥቂት ሽቦዎች ተለይተው የሚጠማዘዙበት ቦታ አለ። ግን የፍሎፒው ከ10 እስከ 16 ያሉት ናቸው፣ የሃርድ ዲስኩ ከ25 እስከ 29። ቀዩን ጠርዝ አንድ ብላችሁ መቁጠር ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ጥምዝ ያለበት ኬብል ከሆነ የዲስኩ ጃምፐር (የዲስኩን ተራ ቁጥር የምትመርጥ ትንሽ መሰኪያ) ሁለተኛው ቦታ ላይ ይሆናል፤ ቀጥ ያለ ከሆነ አንደኛው ላይ። ተርሚኔተር የሚባለው የሬዚስተር ጥቅልም ዲስኩ አንድ ብቻ ከሆነ ከቦታው አይነቀልም።

ሁለተኛውን ፍሎፒ አውጥቼ ቦታውን ለሃርድ ዲስኩ ሰጠሁት። ፍሎፒው አንድ ስለሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ካሉት ማብሪያዎች 7ኛውንና 8ኛውን ማስተካከል ነበረብኝ። ከዚያ አበራሁት። ሜሞሪውን ቆጠረ፣ ዲስኩ እያፏጨ ተነሳ፣ ስክሪኑ ላይ 1701 ብቅ አለ።

1701 የሃርድ ዲስክ ስህተት ማለት ነው። እኔ ግን ደስ አለኝ። ይህን ቁጥር የሚጽፈው የካርዱ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ባዮሱ ካርዱን አግኝቶታል፣ ካርዱም ነቅቷል፤ የቀረው ካርዱና ዲስኩ መግባባታቸው ነው። ዲስኩን ገልብጬ ሳየው ጃምፐሩ የቀድሞ ባለቤቱ እንደተወው ሁለተኛው ቦታ ላይ ነው። የኔ ኬብል ቀጥ ያለ ነው። ወደ አንደኛው ሳዛውረው 1701 ጠፋ።

አሁን ፎርማት። የዛሬ ሰው ፎርማት ሲል ሌላ ነገር ነው የሚያስበው። የዚያን ጊዜው ዲስክ የራሱ ጭንቅላት የለውም፣ አእምሮው ያለው ካርዱ ላይ ነው። ሴክተሮቹ የት ተጀምረው የት እንደሚያልቁ የሚጽፈው ካርዱ ነው፤ አንዱ ካርድ የጻፈውን ሌላው ብዙ ጊዜ አያነበውም። ካርድ ከቀየራችሁ ከሥር ጀምሮ ፎርማት ማድረግ ነው።

ከዚያ በፊት ዲስኩን ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሁ አዞርኩት። ኤስቲ-225 ሄዶቹን የሚያንቀሳቅሰው በስቴፐር ሞተር ነው። ይህን ያህል እርምጃ ሂድ ይባላል፣ ይሄዳል፤ ትራኩ ላይ በትክክል መድረሱን አያይም። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል። በቀዝቃዛው የተጻፈ ትራክ ሲሞቅ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ሙቀቱ ላይ፣ ሳጥኑ ውስጥ በሚቀመጥበት አቅጣጫ ሆኖ ነው ፎርማት የሚደረገው።

ዲበግ ውስጥ ጂ=ሲ800:5 ሲባል የካርዱ ፕሮግራም ይነሳና ይጠይቃል። ዋናው ጥያቄ ኢንተርሊቭ፣ ማለት የተከታታይ ሴክተሮች ርቀት፣ ስንት ይሁን ነው። ዲስኩ በደቂቃ 3600 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በ4.77 ሜጋኸርትዝ የሚሠራው 8088 ፕሮሰሰር አንዱን ሴክተር ተቀብሎ እስኪያስቀምጥ ቀጣዩ ከሄዱ ሥር አልፏል። ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ስትከፍሉ መውረጃችሁ እንዳለፈ ቁጠሩት። ዙሩን ጨርሶ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ሴክተሮቹ በቁጥራቸው ተራ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንድ ትራክ 17 ዙር ይፈጃል። በሰከንድ 30 ኪሎባይት ገደማ መሆኑ ነው። ተከታዮቹ ቁጥሮች ተራርቀው ሲቀመጡ ግን ኮምፒውተሩ ፋታ ያገኛል። ኢንተርሊቭ 3 ከሆነ ትራኩ በ3 ዙር ያልቃል፣ በሰከንድ 170 ኪሎባይት ገደማ። 4 ከሆነ 130።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ነው። በ3 ፎርማት አድርጌ ትልቅ ፋይል ስቀዳ ተጎተተብኝ፣ በ4 ስደግመው ፈጠነ። 3 ላይ ለጥቂት ነው የሚያመልጠው፣ ያመለጠው ደግሞ ሙሉ ዙር ይጠብቃል። ትንሹ ቁጥር ይሻላል የሚል ምክር ብትሰሙ በራሳችሁ ማሽን ለኩት።

ዲስኩ ጀርባ ላይ ከፋብሪካ የተለጠፈ የተበላሹ ትራኮች ዝርዝር አለ፤ ሲጠየቅ ያንን አስገባሁ። የቀረው ቀላል ነው። በዶስ 3.3 ኤፍዲስክ (ዲስኩን የሚከፋፍለው ፕሮግራም)፣ ከዚያ ፎርማት ሲ ከነሲስተሙ። ከ«ሲ»፣ ከሃርድ ዲስኩ፣ ተነሳ።

በነጋታው መንሲጠጥ ጀመረ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ። ሄዱ ተፋቀ ብሎ የሚደነግጥ አለ። ብዙ ጊዜ ሄዱ አይደለም። ከሥሩ፣ ሰርኪት ቦርዱ አጠገብ፣ የሞተሩን ዘንግ ጫፍ የምትነካ ቀጭን የብረት ምላስ አለች፣ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የምታወርድ። እሷ ስትደርቅ ትንቀጠቀጥና ትጮኻለች። ምላሷ ላይ ቁራጭ ቴፕ ለጠፍኩ፣ ዝም አለች።

ለምን ኮምፓክት ፍላሽ፣ ያን የካሜራ ሜሞሪ ካርድ፣ አትሰካበትም የሚሉኝ አሉ። ኤክስቲ-አይዲኢ የሚባል ካርድ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ለመጠቀም ብቻ ከሆነ እሱን ግዙ። ግን እሱም ያው ባዮሱ የሚያገኘው ፕሮግራም በቺፕ ላይ የያዘ ካርድ ነው። ባዮሳችሁ 10/19/81 ከሆነ እሱንም አያየውም።

አንድ የቀረ። ኤስቲ-225 ኃይሉ ሲጠፋ ሄዶቹን ራሱ ወደ ማረፊያ አይወስድም። ባሉበት ቦታ ዳታው ላይ ያርፋሉ፣ ያኔ ሳጥኑ ከተነቃነቀ ይፍቃሉ። ማሽኑን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ከማዛወሬ በፊት ሄዶቹን የሚያሳርፍ ትንሽ ፕሮግራም አስነሳለሁ። ክዳኑ ውስጥ ደግሞ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ የካርዱ ስም፣ ሲሊንደርና ሄድ፣ ኢንተርሊቭ 4፣ ጃምፐሩ አንደኛው ላይ፣ ኬብሉ ቀጥ ያለ። ከእኔ የሚወስደው ሰው ገልብጦ መፈለግ የለበትም።